ሞቷል ያልሁት ስልክ

ይህ ነገር ከሆነ ስድስት ዓመት አለፈው። በስድስት ዓመት ሰው ብዙ ነገር ይረሳል፤ እኔ ግን እንዳልረሳ ባለቤቴ አትተወኝም። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር «እኔና እሱ እንዴት እንደተገናኘን ታውቃላችሁ?» ብላ ትጀምራለች። ሰው ሁሉ ጆሮውን ይሰጣታል። እኔ ያን ጊዜ ወይ ውኃ ላምጣ ብዬ እነሳለሁ፣ ወይ የሚያስለኝ መስዬ ወደ ደጅ እወጣለሁ። ታሪኩ ደስ ይላል። ችግሩ እሷ የምትተርከውና የሆነው ነገር አንድ አለመሆኑ ነው። የሆነውን በትክክል የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ እኔ እና ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ የሐይቅ ዳር ሽማግሌ።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልናገር። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ነው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ መጋዘን ላይ ነው የምሠራው። መጋዘን ውስጥ ብዙ የቆየ ሰው ጠባዩን ታውቁታላችሁ፤ አንዲት ብሎን ያለ ፊርማ አታልፈውም። ይኸው ጠባይ ውሎ አድሮ ወደ ስልኬ ዞረ። መብራት ሄድ መጣ ሲል ጊዜ ባትሪ መቆጠብ እንደ በሽታ ያዘኝ። የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ስለምቀንሰው ፀሐይ ላይ ለማንበብ በእጄ መከለል አለብኝ። ዳታ የምከፍተው በቀን ሦስት ጊዜ ነው፤ ያውም ለአምስት አምስት ደቂቃ። መልዕክት የላከልኝ ሰው ሰዓቴ እስኪደርስ ይጠብቃል።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሜን ትተው «ፐርሰንት» ነው የሚሉኝ። ጠዋት ስገባ «እንዴት አደርህ?» የሚለኝ የለም፤ «ስንት አደርህ?» ይሉኛል። እኔም ሳላፍር «ሰማንያ ሁለት» ብዬ እመልሳለሁ። በዚህ ያልሳቀችው ማክሰኝት ያለችው እናቴ ብቻ ናት። «ስደውልልህ ሁልጊዜ ያች ሴትዮ ናት የምታነሳው» ትለኛለች፤ «ለጊዜው ማግኘት አይችሉም» የምትለዋን ማለቷ ነው። «ልጄ፣ ይህን ስልክ የገዛኸው ለማን ነው?» ብላኝም ታውቃለች። ስቄ አለፍኋት።

ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ አላገባሁም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «የእህቴ ልጅ ዱርቤቴ አስተማሪ ናት፤ ጨዋ ልጅ ናት፤ ተዋወቃት» ብላ ቁጥር ሰጠችኝ። ስለናት ትባላለች። አራት ወር ሙሉ በቴሌግራም ተጻጻፍን፤ ፎቶም ተላላክን። ደውዬላት ግን አላውቅም ነበር፤ ጥሪ ባትሪ ይበላላ! እሷ ስትደውል እንኳ ዘግቼ «ጻፊልኝ» እላታለሁ። አሁን ሳስበው በምን ትዕግሥቷ እንደቻለችኝ አላውቅም።

በመጨረሻ ግን መረራትና «ሰው በጽሑፍ ብቻ አይታወቅም። ቅዳሜ እመጣለሁ» ብላ ጻፈችልኝ። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። «ከመኪና ስትወርጂ ጻፊልኝ፤ ሐይቁ ዳር ነው የምሆነው፤ የት ላይ እንዳለሁ ያኔ እነግርሻለሁ» ብዬ መለስሁላት። ቀድሜ ቦታ ቆርጬላት ቢሆን ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ግን ሰው የማይበዛበትን ቦታ መርጬ ልንገራት ብዬ ነው።

ግንቦት ነበር። መብራት ሐሙስ ማታ ጠፍቶ ቅዳሜም አልመጣም። የሰው ሁሉ ስልክ ተዘግቷል። እኔ ግን ያን ቅዳሜ ከቤት ስወጣ ሠላሳ ስምንት ፐርሰንት ነበረኝ። እንደዚያን ቀን በራሴ የኮራሁበት ጊዜ የለም።

ስድስት ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ደረስሁ። መናፈሻዎቹ በሰው ጢም ብለዋል። ዳር ዳሩን ይዤ ስሄድ ዓሣ አጥማጆች የሚወጡበት ጸጥ ያለ ቦታ አገኘሁ። ትልቅ ሾላ አለ፣ ጥላው ሰፊ ነው። አንድ ሽማግሌ ከሥሩ ተቀምጠው ውኃ ዳር በሚበቅለው ደንገል ታንኳ ይሠራሉ፤ ደንገሉን በጉልበታቸው እየተጫኑ በገመድ ያስራሉ። በስተኋላቸው ሦስት ታንኳዎች ግንዱን ተደግፈው በቁማቸው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጋሽ እንድሪስ ማለት እኒህ ናቸው።

«ቁጭ በል፤ ጥላው ለሁላችንም ይበቃል» አሉኝ። ጨዋታ አዋቂ ናቸው። በየደቂቃው ወደ መንገዱ ሳማትር አይተው «ሴት ናት?» አሉኝ። ሳቅሁ። «እንግዲያው ነፋሱ ፀጉርህን ሳያበላሸው ቶሎ ትምጣ» አሉ።

ታንኳዎቹን ለምን እንዳቆሟቸው ጠየቅኋቸው። «ደንገል ውኃ ይጠጣል» አሉኝ። «ጠዋት ሲወጣ ቀላል ነው። ውኃ ላይ በዋለ ቁጥር እየከበደ፣ እየጠለቀ ይሄዳል። ወጥቶ በገባ ቁጥር ፀሐይ ላይ ቆሞ መድረቅ አለበት። እናንተ ስልካችሁን ግድግዳ ላይ እንደምትሰኩት በለው።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቋንቋዬን የሚናገር ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። ወዲያው ስለ ባትሪ አያያዝ ገለጻ ጀመርሁላቸው፤ ብርሃን መቀነስ፣ ዳታ መዝጋት፣ ምኑ ቅጡ። እሳቸው ገመዳቸውን እያጠበቁ በትዕግሥት አዳመጡኝና «የኛ ጀማልም እንዳንተው ነው» አሉ።

ጀማል ልጃቸው ነው። ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ባለትዳር ነው። ጎህ ሲቀድ በታንኳ ወጥቶ ማዶ ከምትታየው ደሴት አጠገብ መረቡን ይጥላል፤ እዚያው ውሎ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ስልኩን ውኃ እንዳይገባበት በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ፣ ባትሪው እንዳያልቅበት ደግሞ አጥፍቶ ነው የሚይዘው። የሚከፍተው ለመመለስ ሲዘጋጅ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ ለአባቱ «ተነሳሁ» ብሎ ይልካል፣ መልስ ካለ ያያል፣ ከዚያ መልሶ ያጠፋና ጠቅልሎ መቅዘፍ ይጀምራል። ውኃ ላይ የሚውለው ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው አሉኝ። «ስምንት ሰዓት ገደማ ነው የሚነሳ። ዛሬ ግን ተነሳሁ ቢለኝም አልሰማው፤ የኔው ስልክ ከትናንት ጀምሮ ሞቷል» አሉ።

ምሳቸውን ከፌስታል አወጡ፤ የተጠበሰ ዓሣና ቂጣ ነው። «ብላ» አሉኝ። በልቻለሁ ብዬ ነበር። «እኔ ሰው ቁጭ ብሎ እያየኝ ብቻዬን አልበላም» ብለው ግማሹን ከፍለው በእጄ አስያዙኝ። በላሁ፤ ይጣፍጥ ነበር። ይህን የምጽፈው ወሬ ለማጣፈጥ አይደለም፤ ቀጥሎ ያለውን ሳደርግ ሆዴ ውስጥ የማን ምግብ እንደነበረ እንድታውቁልኝ ነው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጋሽ እንድሪስ ሥራቸውን ትተው ብድግ አሉ። ወደ ሰሜን አዩ። እኔም አየሁ፤ ራቅ ብሎ ትንሽ ጠቆር ያለ ነገር አለ፣ ሌላው ያው ውኃ ነው። የእሳቸው ፊት ግን ተለወጠ። «ነፋሱ ዞሯል። ይህ ዝም ብሎ የሚያልፍ አይደለም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ ያችን ስልክህን አንድ ጊዜ ታውሰኛለህ? ጀማል አሁን ሊከፍት ነው። አትነሳ፣ እዚያው ደሴቷ ላይ እደር ልበለው። ታንኳው ከጎህ ጀምሮ ውኃ ሲጠጣ ውሏል፤ ማዕበል አይችልም።»

የተጠየቅሁት ይኸው ነው። አንድ ጥሪ፣ ቢበዛ አንድ ደቂቃ።

ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ሃያ ስድስት ፐርሰንት ነበረው። እና እኔ ምን አሰብሁ? ልጁ አሁኑኑ ላይከፍተው ይችላል፤ ሽማግሌው ደጋግመው ይደውላሉ፤ ከዚያ እሱ መልሶ ይደውላል። ስልኬ አሮጌ ነው፤ ከሃያ በታች ከወረደ እንደ ድንጋይ ነው የሚወርደው። ስለናት ደርሳ ስትጽፍልኝ ዝግ ልሆንባት ነው። አኩርፋ በመጣችበት መኪና ትመለሳለች። ይህን ሁሉ ለማሰብ ሁለት ሰከንድ አልፈጀብኝም፤ አፌ ቀደመኝ።

«ሞቷል እኮ ጋሼ» አልኋቸው።

በዚህም አላበቃሁ። ከኪሴ አውጥቼ ጥቁሩን መስታወት አሳየኋቸው። «ይኸው» አልሁ። ካልነኩት በቀር የሞተውም ያልሞተውም መልኩ አንድ ነው።

የመለሱልኝን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። «አይ የኔ ልጅ፣ ምን ታደርገው፤ መብራቱ ነው» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። አጽናኑኝ እኮ! ልጃቸው ውኃ ላይ እያለ እኔን አጽናኑኝ።

ከዚያ እየተቻኮሉ ዳር ዳሩን ሄዱ። ሰው ባዩበት ሁሉ ሲቆሙ አያለሁ። አንዱ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ያሳያቸዋል። የእነሱ እውነት ነበር። እኔስ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ጀርባቸውን ሲሰጡኝ ጊዜ ስልኬን በጃኬቴ ከልዬ ዳታ ከፈትሁ፤ ስለናት ጽፋ እንደሆነ ለማየት። አልጻፈችም። ከፍቼ እያየሁ እያለ ሽማግሌው ዞረው ሲመጡ አየሁና ተደናግጬ ወደ ኪሴ ከተትሁት። ዳታ መዝጋት ረስቼ የማላውቅ ሰው ያን ቀን ረሳሁ።

ጋሽ እንድሪስ ግማሽ ሰዓት ያህል ለምነው እያለከለኩ ተመለሱና አጠገቤ ቆሙ። «አንድ ሰው! ያ አላህ፣ ስልኩ የሚሠራ አንድ ሰው ይጥፋ?» አሉ። ነፋሱ የሾላውን ቅርንጫፍ ማወዛወዝ ጀምሯል።

በዚህ መሐል ኪሴ ጮኸ።

አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ያልሰማሁ እመስል ነበር። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ነው የጮኸው። ከስለናት እንኳ አይደለም። የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ግሩፕ ነው፤ በኋላ ሳየው አንዱ የጽጌረዳ ሥዕል ልኮ «መልካም ቅዳሜ ይሁንላችሁ» ብሏል፤ ሁለቱ «አሜን» ብለው መልሰውለታል።

ጋሽ እንድሪስ መጀመሪያ ኪሴን አዩ። ከዚያ ፊቴን አዩ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሰድበውኝ ቢሆን በስንት ጣዕሙ!

«ነፍስ ዘራ እንዴ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ የሚባለው ነገር ያን ቀን ነው የገባኝ። ስልኩን አውጥቼ ሰጠኋቸው። እሳቸው መልሰው ሰጡኝና የጀማልን ቁጥር በቃላቸው ነገሩኝ። ደወልሁ። ስምንት ሰዓት አልፏል። ጆሮዬ ላይ ያች እናቴ የምትጠላት ሴትዮ መጣች፤ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም።»

ደግሜ ደወልሁ፤ ያችው ናት። ጀማል ስልኩን ከፍቶ፣ «ተነሳሁ» ብሎ ወደ አባቱ የሞተ ስልክ ልኮ፣ የሚከለክለው ሲያጣ ጠቅልሎ ተነስቷል። እኔ «ሞቷል» ስል ክፍት ነበር ወይም ሊከፈት ነበር። በመጀመሪያው ጥያቄ ሰጥቻቸው ቢሆን ያገኙት ነበር።

«ተነስቷል» አሉ ጋሽ እንድሪስ። ያልተጠናቀቀው ታንኳቸው ላይ ቁጭ አሉ። አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ባለቤቴ ስትተርከው እሰማለሁ፤ ይህኛው ክፍል እውነት ነው። የሞተር ጀልባዎች ወደሚቆሙበት ሮጥሁ። አንድ ባለ ጀልባ አገኘሁ። «እኔ እሄድ ነበር፤ ቁልፉን ጓደኛዬ ይዞት ወደ ከተማ ወጥቷል» አለኝ። የጓደኛውን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል። በኔ ስልክ ደወልን፤ አያነሳም። ደገምን፤ አያነሳም። አሥራ ዘጠኝ ፐርሰንት የነበረው አሥራ አራት ሆነ፣ ከዚያ ስምንት። በአምስተኛው ሲነሳ «የሰው ነፍስ ነው፣ ቁልፉን ይዘህ ቶሎ ና!» ብዬ ጮኽሁበት። «መጣሁ» ሲል ሰማሁ፤ ወዲያው ስልኩ ጆሮዬ ላይ ጠፋ። አሁንስ የእውነቱን ሞተ።

ጀልባው ሲነሳ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ሐይቁ አረፋ ለብሷል። ጋሽ እንድሪስ አብሬ ካልሄድሁ ብለው ነበር፤ ሰው ያዛቸው። የሠፈሩ ሰው ዳር ላይ ተሰበሰበ። የጀማል ሚስት ሰምታ እየሮጠች መጣች፤ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ውኃውን ታያለች። እኔ ከሰዉ ኋላ ቆምሁ። ወደ ፊት ለመጠጋት በምን ፊቴ?

ስለናት የደረሰችው በዚህ መሐል ነው። መናኸሪያ ወርዳ ጽፋልኛለች፤ መልስ የለም። ደውላለች፤ ዝግ ነው። ልመለስ ስትል ደግሞ ንዴቷ አላስቻላትም፤ ሐይቁ ዳር እንደምሆን ታውቃለችና ፊት ለፊት ልንገረው ብላ ዳር ዳሩን ስትፈልገኝ ቆይታ፣ የተሰበሰበ ሰው አይታ መጣች። ከፎቶዬ አወቀችኝ።

«አንተ ነህ?» አለችኝ።

«ነኝ» አልኋት።

«አራት ወር ሙሉ አትደውዪ አልኸኝ፤ እሺ አልሁ። ዛሬ እንኳ፣ ስንት ኪሎ ሜትር መጥቼ...» እንባዋ መጣ።

አፌን ሳልከፍት ጋሽ እንድሪስ ከፊት ዞር አሉ። ዓይናቸው ደም መስሏል። «እሱን አትቆጪው የኔ ልጅ» አሏት። «ስልኩ የሞተው ለኛ ሲደውል ነው። ልጄ ውኃ ላይ ነው። ጀልባውን ያስነሳልን እሱ ነው።»

ያሉት ቃል አንዱም ውሸት አልነበረም። የቀረ ነገር ብቻ ነበር። የስለናት ፊት እያየሁት ተለወጠ። በአራት ወር ጽሑፍ ያላየሁትን ዓይን በአንድ ደቂቃ አየሁ። «ይቅርታ፣ አላወቅሁም» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ጋሽ እንድሪስ አንድ ጊዜ አዩኝና መልሰው ወደ ውኃው ዞሩ። ያኔ «የለም፣ ነገሩ እንዲህ አይደለም» ማለት ነበረብኝ። ዝም አልሁ። ያን ቀን ሁለት ጊዜ ዋሸሁ፤ ሁለተኛውን አፌን ሳልከፍት ነው።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባው ተመለሰ። ጀማል ውስጡ ተጋድሟል። ሚስቱ ያኔ ነው የጮኸችው። ቀና ሲል አየነው፤ ሕይወቱ አለ። ታንኳው መሐል ላይ ተፈታትቶበት፣ አንድ እስር ደንገል በግራ ክንዱ አቅፎ ነው ያገኙት። ቀኝ ትከሻው ወልቋል። መረቡም ታንኳውም የለም። ጋሽ እንድሪስ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ስለናት ነጠላዋን አውልቃ ለማታውቀው ሰው አለበሰችው። እኔ ሽማግሌውን በአንድ በኩል ደግፌ ቆምሁ፤ እጄን አልገፉትም።

በዓመቱ እኔና ስለናት ተጋባን፤ ልጅም ወለድን። ሽማግሌ ሲላክ አባቷ «ያ የዓሣ አጥማጁን ልጅ ያተረፈው ነው?» ብለው ጠይቀው፣ «አዎ» ሲባሉ ብዙ አላስቸገሩም አሉ። አሁን ባሕር ዳር ተዛውራ እዚሁ ታስተምራለች። ለተማሪዎቿ ሳይቀር ነግራቸዋለች፤ «ደግነት ማለት» ብላ።

ሠርጋችን ላይ ጋሽ እንድሪስ መጥተው ነበር። መርቀውን ሊሄዱ ሲሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ነገርሃት?» አሉኝ። «ገና» አልሁ። «እሺ» አሉና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ባገኘኋቸው ቁጥር፣ ሰላምታው አልቆ፣ የጤናውም የቤተሰቡም ጥያቄ አልቆ፣ «ነገርሃት?» ይሉኛል። «ገና ጋሼ» እላለሁ። «እሺ» ይላሉ። አንድ ቀን ጨክኜ «ያን ቀን ለምን ሸፈኑኝ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኔ ሰው በእንግዳ ፊት አላዋርድም» አሉኝ። «የኔ ሥራ እዚያ ላይ አለቀ። የቀረው ያንተ ነው።»

ከሁሉ የሚብሰኝ ጀማል ነው። አባቱ ለእሱም አልነገሩትም። አራት ወር ሙሉ ሳይቀዝፍ ከረመ፤ ትከሻውም እንደ ድሮው አልሆነለትም። በየበዓሉ፣ በእነሱም በእኛም በዓል፣ ትልቅ ቀረሶ ዓሣ ይዞ ደጄ ይመጣል። «ባለውለታዬ» ይለኛል፣ ጎረቤት እየሰማ። ቀኝ ክንዱ ስለማይነሳለት ዓሣውን የሚያቀብለኝ በግራው ነው። እና በሰጠኝ ቁጥር አንገቱን ደፍቶ «በግራዬ ስለሆነ ይቅርታ» ይለኛል። እሱ እኔን ይቅርታ ይጠይቀኛል። እኔም «ኧረ ምንም አይደለም» ብዬ እቀበለዋለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ተቀብያለሁ፤ በልቻለሁ።

በቀደም ወደ ሐይቁ ወርጄ ጋሽ እንድሪስን አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ያወቁኝ በድምፄ ነው። ሰላም ተባባልን፣ ስለ ልጄ ጠየቁኝ፣ ስለ ዝናቡ አወሩኝ። ያችን ጥያቄ ጠበቅሁ። አልጠየቁኝም። ትንሽ ቆየሁ፣ ምናልባት ረስተው ይሆናል ብዬ። «በል ደህና ዋል የኔ ልጅ» አሉኝ። አልረሱም፤ ተስፋ ቆርጠውብኛል። መንገዱን ሁሉ እንደ ልጅ እያለቀስሁ ነው የገባሁት።

አፍራለሁ። በዚያች በሁለት ሰከንድ ውሸት ብቻ አይደለም የማፍረው፤ እሷንስ ደንግጬ ነው፣ ወጣት ነበርሁ፣ ፍቅር ይዞኝ ነበር ብዬ ላመካኝ እችል ይሆናል። ለስድስቱ ዓመት ግን ምክንያት የለኝም። ሚስቴ የምትወደው ሰውዬ እኔ አይደለሁም፤ የእሱን ጫማ አድርጌ ነው ቤቷ የገባሁት።

ስለናት በዚህ ሳምንት ዱርቤቴ፣ እናቷ ዘንድ ናት። እኔ ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ቁጭ ብዬ እስከዚህ ድረስ ያነበባችሁትን ስልኬ ላይ ጻፍሁ። ለእናንተ ከመላኬ በፊት ለእሷ በቴሌግራም ላክሁት። ፊት ለፊት ልነግራት ወኔ አጣሁ፤ እሱም ሌላ እፍረት ነው።

አነበበችው፤ ምልክቱን አየሁ። «እየጻፈች ነው» ይላል፤ ይጠፋል፤ ተመልሶ ይመጣል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ባትሪው አሥራ ሰባት ነበር፣ አሥራ ሦስት ሆነ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳታውን ለመዝጋት እጄ አልሄደም።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ መልሷ መጣ። ስድብ የለውም፤ ይቅርታም የለውም።

«ጀማል ያውቃል?» ይላል።

«ገና» ብዬ ጻፍሁ። ጽፌ ልኬው ነው ምን እንዳልሁ ያየሁት።

«እንግዲያው ለኔ አትጻፍልኝ። ተነስተህ ወደ እሱ ሂድ» አለችኝ።

ጀማል ቴሌግራም የለውም፤ ቢኖረውም ለእሱ በጽሑፍ አልነግረውም። ዘጠኝ ፐርሰንት ቀርቶኛል። ይህችን መስመር ልኬ፣ ስልኩን ክፍት እንደሆነ ኪሴ ከትቼ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ። ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ቢመታኝ በግራው ነው የሚመታኝ፤ በዚያስ እባክህ ይቅርታ እንዳትጠይቀኝ እለዋለሁ።